በሦስት ጨዋታ የተፈረደበት ጀርመናዊ

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ስለ ልጆች ሳልና ስለ ማታው ብርድ እያወጋን ነበር። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ኳስ ነው። «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ ያወቀችው?» የሚለኝ አይጠፋም። ያደግሁበትን ሰፈር ስነግራችሁ ግን ትረዱኛላችሁ፤ ውቤ በረሃ ነው።

ነገሩን ያስነሳብኝ የዛሬ ሦስት ሳምንት የተጠራ የወላጆች ስብሰባ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ በአንድ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ ኳስ ይሠለጥናል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፋሻና አልኮል በዘንቢል ይዤ ከሜዳው ዳር እቀመጣለሁ። ልጆቹ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ወላጅ ለወላጅ ተደዋወለና ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ «አሰልጣኙ ይቀየርልን» የሚል። እጁን አውጥቶ መጀመሪያ የተናገረው ደግሞ የገዛ ልጄ፣ የልጁ አባት ነው።

ክሱ ብዙ ነበር። ጎበዙንም ደካማውንም ተራ በተራ ያሰልፋል። አንድ ወር ሙሉ ልጆቹን አጭር ኳስ ከማቀባበል በቀር ሌላ ነገር አላስተማረም። ጎል የሚያገባውን ልጅ ሁለት ጨዋታ አስቀመጠው። «አሸንፎ የማያውቅ ልጅ ማሸነፍን ከየት ይማራል?» አለ ልጄ፤ ብዙ ሰው አጨበጨበለት። አሰልጣኙ ገና ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያዳምጥ ነበር። እሱን ሳየው አንድ ሌላ ወጣት አሰልጣኝ ትዝ አለኝ። ያንን ሰው ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም፤ ስሙን ግን እናቴ ጠጅ ቤት ውስጥ ሲያነሱትም ሲጥሉትም ሰምቻለሁ።

ወደ 1968 ዓ.ም. ልመልሳችሁ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ በደጃዝማች ውቤ ሰፈር፣ እናንተ ውቤ በረሃ በምትሉት መንደር፣ ትንሽ ጠጅ ቤት ነበራት። የሰፈሩ የድሮ ጭፈራ ቀዝቅዟል። አብዮቱ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሰዓት እላፊ ስላለ ደንበኛው ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ብርሌ አጥባለሁ፤ ጆሮዬ ግን ከሬዲዮኑ አይነቀልም ነበር። በዚያ ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ወደ አገራችን መጣ። ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 ቀን ድረስ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነበር የተካሄደው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ደግሞ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ወስደናል። ስለዚህ የእናቴ ደንበኞች ዋንጫውን ያዩት እንደ ራሳቸው ዕቃ ነው፤ ተበድሮ የቆየ፣ አሁን የሚመለስ።

የብሔራዊ ቡድናችን አሰልጣኝ ፒተር ሽኒትገር የሚባል ጀርመናዊ ነበር። የበርሊን ልጅ ነው፤ ገና ሠላሳ አምስት ዓመት አልሞላውም። ያኔ ምዕራብ ጀርመን ለአዳዲሶቹ የአፍሪካ አገሮች ሐኪምና መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የኳስ አሰልጣኝም በእርዳታ ትልክ ነበር። ሽኒትገር የኮትዲቯርን ብሔራዊ ቡድን ሲይዝ ሃያዎቹን ዓመታት አላገባደደም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1962 ዓ.ም. ሱዳን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ኮትዲቯር እኛን 6 ለ 1 አሸነፈችን። ሎረን ፖኩ የሚባለው አጥቂያቸው ብቻውን አምስት ጎል አገባብን። ይህ ፖኩ በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ 14 ጎል ያስቆጠረ ነው፤ ክብረ ወሰኑን ካሜሩናዊው ሳሙኤል ኤቶ እስኪሰብርበት ድረስ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ያንን ቡድን ያሠለጠነው ይኸው ሽኒትገር ነው። ከኮትዲቯር ወደ ካሜሩን ሄደና በ1964 ዓ.ም. ካሜሩን ራሷ ባዘጋጀችው ዋንጫ ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ እኛ መጣ። ስድስት ጎል ያገባብንን ሰው አምጥተን «አሁን ደግሞ ለእኛ አግባልን» አልነው ማለት ነው። ክፉ ሐሳብ አልነበረም።

እንግዲህ የእናቴ ጠጅ ቤት እንዴት እንደፈረደ ስሙ።

በመጀመሪያው ቀን ዩጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፍን። በዚያ ምሽት ጀርመኑ ንጉሥ ነበር። «ጀርመን ማለት ማሽን ነው!» አለ አንዱ። ሌላው የጀርመን መኪና ሠላሳ ዓመት ሞተሩ ሳይከፈት እንደሚሠራ አስረዳ። እናቴ እንኳ ኳስ የማታውቀው «ይባረክ፣ ልጅ ነው አሉ» ብላ መረቀችው።

በሁለተኛው ጨዋታ ጊኒ 2 ለ 1 አሸነፈችን። ያው ሰውዬ ያንኑ ብርሌ ይዞ፣ ያንኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ይሄ ፈረንጅ ይባረር!» አለ። የተጫዋቾቹን ጠባይ አያውቅም፣ ቋንቋ አይችልም፣ የእኛን ኳስ አበላሸብን ተባለ። በሦስት ቀን ልዩነት ማሽኑ ብረታ ብረት ሆነ።

ሦስተኛው ጨዋታ ከግብጽ ጋር ነበር፤ 1 ለ 1 ወጣን። በዚያን ጊዜ ለማሸነፍ የሚሰጠው ነጥብ ሁለት ነው። ሒሳቡን ስትሠሩት ያን ዕለት አንድ ጎል ብንጨምር ኖሮ ግብጽን ጥለን ከጊኒ ጋር እናልፍ ነበር። አንዲት ጎል ብቻ። ግን አልገባችም፤ ዋንጫው አለቀልን። ዋንጫውን በመጨረሻ የወሰደችው ሞሮኮ ናት፤ እሷም በመጨረሻው ጨዋታ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ፣ ጎሏን ያገኘችው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው። የእነሱ ጎል ገባች፣ የእኛ አልገባችም። ልዩነቱ ይህችን ያህል ነበረች።

በዚያ ምሽት በጠጅ ቤቱ ስለ ጀርመኑ ማንም ምንም አላለም። ስድብ እንኳ ቀረበት። ከዚያ ወሬ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሽኒትገር አገራችንን ለቆ ታይላንድን ለማሠልጠን ሄደ። እኛም ረሳነው። የሚቀጥሉት ዓመታት ደግሞ ኳስ የሚያስታውሱ ዓመታት አልነበሩም። ያንን ሬዲዮ ከበው ከተቀመጡት የሰፈራችን ጎረምሶች መካከል ብዙዎቹን ከሁለት ዓመት በኋላ አላገኘናቸውም። ይህንን በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ስለምታውቁት አላብራራውም።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ። የዚያን ጊዜ የጠጅ ቤታችን ሰዎች «ማሽን» ሲሉ ስለ ጀርመን አንድ ነገር አጥርተው ያወቁ መስሏቸው ነበር። ጀርመኖቹ ግን በራሳቸው አገር አሰልጣኝን እንዴት ነበር የሚይዙት?

የጀርመን ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1984 ድረስ የነበሩት አሰልጣኞች አራት ናቸው። በወደ ስልሳ ዓመት ውስጥ አራት! ኦቶ ኔርዝ፣ ዜፕ ኸርበርገር፣ ሄልሙት ሾን፣ ዩፕ ዴርቫል። ከእነዚህ ውስጥ የሾንን ታሪክ ልንገራችሁ። ሾን ለዓመታት የኸርበርገር ረዳት ሆኖ ሠራ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1964 ቦታውን ተረከበ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በእንግሊዝ ተሸነፈ። በ1967 መጨረሻ ላይ ደግሞ ትልቅ ውርደት መጣበት፤ ከትንሿ አልባኒያ ጋር ያለ ጎል ተለያይቶ ቡድኑ ለአውሮፓ ዋንጫ ሳያልፍ ቀረ። እስቲ ያንን ምሽት በእናቴ ጠጅ ቤት አስቡት! ሾን በማግሥቱ ሻንጣውን ይሸክም ነበር።

ጀርመኖቹ ግን አቆዩት። በ1970 የዓለም ሦስተኛ ሆነ። በ1972 የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። በ1974 የዓለም ዋንጫን አነሣ፤ በእኛ ሰኔ 30 ቀን 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በአልባኒያው ውርደትና በዓለም ዋንጫው መካከል ስድስት ዓመት ከመንፈቅ አለ። ይህንን ጊዜ ከሾን ላይ ቢቀንሱት ኖሮ ዋንጫውን ሌላ ሰው ያነሣው ነበር፤ ወይም ደግሞ ማንም አያነሣውም ነበር።

አያችሁ፣ ሁለቱም ጀርመናውያን ናቸው። አንዱ ባንድ ወንበር ላይ አሥራ አራት ዓመት ተቀመጠ። ሌላው ዕድሜውን በሙሉ ከአገር አገር ሲዞር ኖረ፤ ኮትዲቯር፣ ካሜሩን፣ ኢትዮጵያ፣ ታይላንድ፣ ማዳጋስካር፣ ቤኒን፣ ሴኔጋል። ሻንጣውን ስንት ጊዜ እንደፈታና እንደሸከፈ እሱ ያውቃል።

ሴኔጋልን በመጨረሻ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሽኒትገር የሴኔጋልን ቡድን ይዞ ለሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ናይጄሪያ ነበረች፤ ሌጎስ ላይ፣ በገዛ ሜዳዋ። ሴኔጋል በፋዲጋ ጎል ቀድማ መራች፤ መደበኛው ጊዜ ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ናይጄሪያ አቻ አደረገች፣ በጭማሪው ሰዓት ደግሞ አሸነፈች። ሽኒትገር ከዚያ በኋላ ሄደ። በእሱ ቦታ ብሩኖ ሜትሱ የሚባል ፈረንሳዊ መጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1994 ዓ.ም.፣ ያችው ሴኔጋል ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰች። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ መክፈቻ የዓለም ሻምፒዮኗን ፈረንሳይን 1 ለ 0 ጣለች፤ እስከ ሩብ ፍጻሜም ተጓዘች። ያንን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያላየ ያለ አይመስለኝም። እኔ ያየሁት በሥራ ቦታዬ በተረኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ በሽተኞቹ ሳይቀሩ ተነሥተው ጮኸው ነበር።

ክብሩ የሜትሱ ነው፤ ይገባዋልም። እሱ ያመጣው የራሱ ነገር አለ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሜትሱ ባዶ ቤት አልገባም። ማጀቱ ተጠርጎ፣ እሳቱ ተያይዞ፣ ድስቱ ተጥዶ ነው የደረሰው። እሳቱን ካያያዙት መካከል አንዱ ያ በእኛ ጠጅ ቤት በሦስት ጨዋታ የተፈረደበት ጀርመናዊ ነበር። ሴኔጋል ፈረንሳይን ስትጥል ስሙን የጠራው ሰው ስንት ይሆን?

እኔ ይህንን ነገር የማልረሳው ኳስ ስለምወድ ብቻ አይደለም። እኔም እንደ ጠጅ ቤቱ ሰዎች አንድ ጊዜ ፈርጃለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ወጣት ነርስ ሳለሁ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የክትባት ኃላፊ ነበርኩ። ቦታውን አልጠቅስም። ከእኔ በታች አንድ ጤና ረዳት ነበር። በየወሩ መጨረሻ ከየመንደሩ የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር ሲመጣ የእሱ ከሁሉ ያነሰ ነው። ስጠይቀው «ሲስተር፣ እናቶቹ ገና አላመኑኝም፤ ቡና እየጠጣሁ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁጥር የሚጠይቀኝ አለቃ አለብኝ። ሰባት ወር ታገሥኩና እንዲዛወር ጻፍኩ። ደብዳቤውን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው።

በእሱ ቦታ ሌላ ላክን። በሦስተኛው ወር ቁጥሩ ሰማይ ነካ። ለጉብኝት ስሄድ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ካርዳቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ተሰልፈዋል። አንዲቱ እናት ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ያ ቡና የሚጠጣው ልጅ የት ሄደ? ልጄን ላሳየው ነበር፤ ኩፍኝ ምን እንደሚያደርግ የነገረኝ እሱ ነው» አለችኝ። ከአጠገቧ የነበሩትም ስለ እሱ ጠየቁኝ። አዲሱ ሠራተኛ ተመሰገነ፤ እኔም በኃላፊነቴ ምስጋና ተጻፈልኝ። ለዚያ ጤና ረዳት ግን ማንም አልጻፈለትም። እኔም ፈልጌ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመልኝ ግን ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ በስብሰባው ላይ እጄን አወጣሁ። ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። ሰው ሁሉ ስለ ፋሻና ስለ አልኮል የምናገር ነበር የመሰለው።

መጀመሪያ የተናገርኩት ግን በእርግጥም የሙያዬን ነው። ያ ጎል አግቢ ልጅ ሁለት ጨዋታ የተቀመጠው ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት እያበጠ ስለሚያመው ነው። በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት መካከል በፍጥነት በሚያድጉ፣ ብዙ በሚሮጡ ልጆች ላይ የተለመደ ነገር ነው። ጅማቱ ገና ያልጠነከረውን አጥንት በሩጫና በዝላይ ይጎትተዋል። መድኃኒቱ በአብዛኛው ዕረፍትና በረዶ ነው፤ ልጁ አድጎ ሲጨርስ ይተወዋል። እያመመው ካሯሯጡት ግን ሕመሙ ወራት ይከተለዋል። አሰልጣኙ ልጁን ያስቀመጠው ከእኔ ጋር ተማክሮ ነው። ይህንን ስብሰባው አያውቅም ነበር፤ የልጁ አባት ግን ያውቅ ነበር። አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሽኒትገር ነገርኳቸው፤ አሁን ለእናንተ የነገርኳችሁን ያህል ባይሆንም። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሰዓቱን አየ። አንድ አባት ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሲስተር፣ የሚሉት መልካም ነው። ግን የተሸነፈ አሰልጣኝ ሁሉ ወደፊት ፍሬ ያፈራል ማለት ነው? ሰነፉን ከሚዘራው በምን እንለየው?»

ይህ ጥያቄ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ መልሴን ላካፍላችሁ። ቁጥሩን በኋላ እዩት፤ መጀመሪያ ልጁን እዩት። ልጃችሁ ቅዳሜ ጠዋት ሳትቀሰቅሱት ይነሣል ወይስ ሆዴን አመመኝ ይላል? ከሦስት ወር በፊት የማይችለውን አንድ ነገር ዛሬ ይችላል ወይ? ከቡድኑ ደካማ የተባለው ልጅ ኳስ ይነካል ወይስ ዓመቱን ሙሉ ውኃ ያቀብላል? የታመመው ይታረፋል ወይ? ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ በዚያ ቀን ዳግመኛ ወደ ሜዳ እንዳይገባ አሰልጣኙ ይከለክላል ወይ? አሰልጣኙን «ዘንድሮ ምን እያስተማርካቸው ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ አለው ወይ? እነዚህ ካሉ ሰውየው እየዘራ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ልጆችን የሚመታ፣ የሚሳደብ፣ የሚያዋርድ ከሆነ ግን አሥር ዋንጫ ቢያመጣም አንድ ቀን አታሳድሩት። ለዚህ ትዕግሥት አያስፈልግም።

አገራችን ከዚያ ዓመት ወዲህ የስንት አሰልጣኝ እጅ እንዳየች ኳስ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ። ጣሊያን መጥቷል፣ ቤልጂጋዊ መጥቷል፣ ፖርቱጋላዊ መጥቷል፤ ዮኸን ፊገ የተባለ ሌላ ጀርመናዊም መጥቶ ሄዷል። ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያው ውድድር በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን ልጅ በሰውነት ቢሻው። ሠላሳ አንድ ዓመት! የጠፋው ነገር ጎበዝ አሰልጣኝ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በየጊዜው ድስቱን ከእሳት እያወረድን «ለምን አልበሰለም?» ስንል የኖርንም ይመስለኛል።

ስብሰባው እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ድምፅ ተሰጠና በጥቂት ድምፅ ብልጫ አሰልጣኙ የውድድር ዓመቱ እስኪያልቅ ይቆይ ተባለ። ልጄ «ይቀየር» ካሉት ጋር ነው እጁን ያወጣው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩትም። የልጅ ልጄ ከኋላ ተቀምጦ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል።

ማታ ራት ከበላን በኋላ ልጄ ወደ ክፍሌ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ሰው ፊት አሳፈርሽኝ» አለ።

«አንተን አልነበረም የተናገርኩት» አልኩት።

«እኔን ነው እንጂ» አለና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «እኔ እኮ ልጁ እንደ እኔ እንዳይሆን ብዬ ነው። እኔ ኳስ የተውኩት ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው» አለኝ።

ይህንን አላውቅም ነበር። ወላጅ ሆኜ፣ በየጤና ጣቢያው የሰው ልጅ ስከትብ፣ የገዛ ልጄ ኳስ ለምን እንደተወ ሳልጠይቀው ሃያ አምስት ዓመት አልፏል። «ተቀመጥ» አልኩት፤ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጠ። ብዙ አወራን። የተናገረውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ እንደገና ተጫወቱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም ተሸነፉ፤ 2 ለ 1። ጎሏን ያገባው ግን ጉልበቱን አርፎ የተመለሰው ልጅ አይደለም። እሱ ለጎኑ ልጅ አቀበለ፤ ያ ልጅ ለሌላ አቀበለ፤ በመጨረሻ ያገባው ዓመቱን ሙሉ ኳስ ሲደርሰው ዓይኑን የሚጨፍን የነበረው ቀጭኑ ልጅ ነው። ስድስት ቅብብል ቆጥሬያለሁ። አሰልጣኙ አልዘለለም፤ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው።

ልጄም በሜዳው ዳር ነበር። ሌላ ጊዜ ከሜዳው ዳር ድምፁ ሲያስተጋባ ነው የማውቀው። በዚያ ቀን ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ጨዋታው ሲያልቅ ለልጁ ውኃ አቀበለውና «ርቦሃል?» ብቻ አለው። ልጁ «በጣም!» አለ። ስለ ኳስ ማውራት የጀመረው እሱ ራሱ ነው፤ እስከ ቤት ድረስ አላቆመም።

እናንተም የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሜዳው ዳር ስትቆሙ ይህንን ሞክሩት። ለሳምንቱ የደረሱኝን ስለ አረጋውያን የደም ግፊት ጥያቄዎች እመልሳለሁ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።